ለኤስቲል የመጣ አካፋ

ማክሰኞ ጠዋት ኤስቲል ካውዲል ቡናውን ፉት ሳይል ለቅሶ ደራሽ በሩን አንኳኳ። ሟቹ ደግሞ ማንም ሳይሆን ራሱ ኤስቲል ነበር።

በሩን ሲከፍት ዴንዚል ኔፒየር ቆሟል። በግራ እጁ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን አቅፏል፤ በቀኝ ትከሻው አካፋ ተሸክሟል። የዴንዚል ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ነው። እንዲህም ሆኖ ሁለቱ ሰዎች ቃል ከተለዋወጡ ሃያ አራት ዓመት አልፏል። ዴንዚል በሩን የከፈተለትን ሰው ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አለህ እንዴ?» አለ።

«የት ልሂድ?»

«ሞተሃል ተባለ እኮ!»

«ማን አባቱ ነው ያለው?»

«ሬዲዮው። ኧረ ልጅህ ናት፣ ቨርና ሊ። ‹አባቴ አርፏል› ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ቀሪውን ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል? ሚስቴ ለምሳ የሠራችውን ዶሮ ሸፈነች፣ እኔ አካፋዬን አነሣሁ።»

በስቲልሃውስ ሸለቆ መቃብሩ ኮረብታው አናት ላይ ስለሆነ ማሽን አይወጣውም። ጎረቤት በእጁ ይቆፍራል፤ የመጀመሪያውን አፈር የሚያነሣው ከሁሉም የሚቀርበው ጎረቤት ነው። ቢኳረፉም ያው ነው። ዴንዚል እንግዲህ ሃያ አራት ዓመት የዘጋውን ሰው መቃብር ሊቆፍር ነበር የመጣው። ሰውየው ቆሞ ሲያናግረው ጊዜ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሳህኑን በረንዳው ላይ አስቀመጠ፣ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደመጣበት ተመለሰ። ድልድዩን ሲሻገር አካፋውን መርሳቱ ትዝ ያለው ይመስል አንዴ ቆም አለ፤ ግን አልተመለሰም።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። ከወረዳው ሬዲዮ ጣቢያ ዊልማ ጂን የምትባል ሴት በየጠዋቱ የሟቾችን ስም ታነባለች። ሠላሳ ዓመት አንብባለች። በዚህ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራራ ውስጥ ጠዋት ተነሥቶ የሟች ስም የማይሰማ ሰው የለም፤ ዳቦ ጋጋሪውም ከሰል ቆፋሪውም ማን እንደሄደ ሳያውቅ ከቤት አይወጣም። ስም ዝርዝሩ ሲያልቅ ማስታወቂያ ይገባል፣ ከዚያ ሙዚቃ። ያን ማክሰኞ ግን ዊልማ ጂን አዲስ ዘፈን ደርሷት ቸኩላለች። ሁለት ሟቾች አነበበችና ማስታወቂያውን ዘልላ ዘፈኑን ለቀቀችው። ጊታሩ ገና ሁለቴ ሳይመታ የቨርና ሊ ድምፅ «አባቴ አርፏል» አለ። ወረዳው በሙሉ ሦስተኛውን ሟች ሰማ።

ኤስቲል ብቻ አልሰማም። ሬዲዮው ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነው። የሟቾቹን ስም ይሰማል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትንና የሚለዋወጥበትን የልዋጭ ሰዓት ይሰማል። የመጀመሪያው ክር ሲመታ ግን እጁ ሄዳ ሬዲዮውን ታጠፋለች። ሚስቱ ኦፓል ከሞተች ጀምሮ በዚያ ቤት ሙዚቃ ተሰምቶ አያውቅም። እጁ ይህን ከመልመዷ የተነሣ እሱን አታማክረውም።

እስከ እኩለ ቀን ዘጠኝ ሳህን መጣ። ቦሎቄ በአሳማ ሥጋ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ፎሶሊያ፣ የተጠበሰ የፖም ሳምቡሳ፣ ሙዝ በወተትና በብስኩት። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ እሪ ይላል፤ ከዚያ ይስቃል፤ ከዚያ የያዘውን ምን እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። ጎልዲ የሚሏት የሰማንያ ዓመት አሮጊት የጋገረችውን የአሳማ ታፋ መልሳ ልትወስድ አልፈቀደችም።

«አንዴ ሠርቼዋለሁ» አለችው። «በልተህ ሙት እንግዲህ።»

በየሳህኑ ቂጥ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተጽፏል። ሳህን እንዲመለስ ነው የሚጻፈው። አመላለሱ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ የምትወደው ሰው ከሆነ የሆነ ነገር ሞልተህበት ትሄዳለህ። ባዶውን አጥበህ ከሰጠኸው ደግሞ ‹ደጄን አትርገጥ› ብለኸዋል። ኤስቲል ዘጠኙንም አጥቦ ደረደራቸው። የዴንዚልን ሚስት ሳህን ብቻ ለይቶ አስቀመጠው። ማታ ባዶውን ደጁ ላይ አስቀምጦለት ሊመለስ አስቦ ነበር፤ አልሄደም።

ረቡዕ ዊልማ ጂን ስልክ ደወለች። «ኤስቲል፣ ማሬ፣ በእግዜር ይቅር በለኝ። አሁኑኑ አስተካክላለሁ» አለችው። አስተካከለችም። «ኤስቲል ካውዲል አልሞተም፣ ደኅና ነው፣ ምሳውን በልቷል» ብላ በአየር ላይ ተናገረች። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። እሱ ካልሞተ ልጅቷ ዋሸች ማለት ነዋ!

ቨርና ሊን ዓለም የሚያውቃት ቬና በሚል ስም ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ፖፕ ዘፍናለች። በብልጭልጭ ቀሚስ፣ በማሽን ከበሮ፣ ከኋላዋ ሃያ ጨፋሪ አሰልፋ። የወረዳው ሰው ዘፈኗን ባይወደውም በልቡ ይኮራባት ነበር፤ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ድምፅዋ ሲሰማ «የኤስቲል ልጅ እኮ ናት» የማይል አልነበረም። አሁን ጨፋሪዎቹን በትና፣ አንድ ጊታር ይዛ፣ የአገሯን ካንትሪ ልዘፍን ነው ብላ መጣች። ፖፑን የሚወዱት ከዳችን አሉ። ካንትሪውን የሚወዱት ደግሞ ማን ጠራሽ አሉ። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዘፈኗ በቁሙ ያለ አባቷን ቀብሮ ተገኘ። ቅዳሜ ረፋድ እዚያው ወረዳው ጣቢያ መጥታ ከአድማጭ ጋር በቀጥታ እንደምትነጋገር ከተነገረ ሳምንት ሆኖታል። አሁን ቅዳሜን የሚጠብቀው ሰው ዘፈን ሊሰማ አይደለም።

ኤስቲል ሳምንቱን ሙሉ በንዴት ጦፎ ሰነበተ። ንዴቱ ግን አንድ እሾህ ነበረበት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ቨርና ሊ ቦርሳዋን ይዛ በረንዳው ላይ ስትቆም፣ «እዚያ ሄደሽ ስለ እኔ ቢጠይቁሽ አባቴ ሞቷል በያቸው» ያላት እሱ ራሱ ነው። የተጣሉት በሙዚቃ ነው። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መዝፈን ትወዳለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን እሱ አፏን ያስይዛታል። ቫዮሊን አስተምረኝ ብትለው ጠረጴዛ ደበደበባት። ከዚያ በኋላ ጠይቃው አታውቅም፤ ሄደች።

ደግሞ ቫዮሊን የማያውቅ ሰው ቢሆን ምንም አልነበረ! ኤስቲል ሃያ ሰባት ዓመት ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ሳንባውን ለከሰሉ ጥሎ የወጣ ሰው ነው፤ ግን በዚያ ሸለቆ የሚታወቀው በከሰሉ ሳይሆን በቫዮሊኑ ነበር። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም። ኦፓል ከሞተች በኋላ ‹ቫዮሊኔን ከበረንዳዬ ሰረቁኝ› አለ። በዚያው ሳምንት ዴንዚል እዚያው በረንዳ ላይ ያን ቫዮሊን ይዞ ሲያገላብጥ ሰው አይቶት ነበር። ኤስቲል የዴንዚልን ስም ጠርቶ አያውቅም። ሰዎች ‹ዴንዚል ይሆን?› ሲሉት ዝም አለ። ዝምታው በቃ።

ቅዳሜ ሬዲዮውን ከፍቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ስልኩ ከጎኑ ግድግዳው ላይ ነው። ዊልማ ጂን ልጅቷን ሰላም አለቻት፤ ቨርና ሊም በአገሯ አነጋገር መለሰችላት። ድምፅዋ ከእናቷ ድምፅ አንድ ነገር ወስዷል።

የመጀመሪያው ደዋይ የመጋዝ ቤቱ ሮስኮ ነበር። «እኔ የምለው ዊልማ ጂን፣ ትናንት እንደ ገና ዛፍ ስታብለጨልጭ የነበረች ሴት ቦት ጫማ ስላጠለቀች ነው ካንትሪ ዘፋኝ የምትሆነው? እስቲ ባርኔጣዋን ገልብጪና እዪልኝ፣ የዋጋው ወረቀት አልተነሣለትም ይሆናል!»

አንዲት ሴት ቀጠለች። «እኔስ አልቅሻለሁ። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ውሃው ሞልቶ መሬት ላይ ሲፈስ አላየሁትም። ዋሽታም ከሆነ ጥሩ አርጋ ነው የዋሸችው።»

«አልዋሸሁም እናቴ» አለች ቨርና ሊ በዝግታ።

ጎልዲ በስልኩ ገባች። «አልዋሸሁም? አባትሽን በቁሙ ቀብረሽ? ከታፋው ጋር ረፋዱን ሙሉ ታግዬ ባደርስ፣ ሟቹ በር ከፈተልኝ! አፈር አይከብድሽም ልጄ?»

ዊልማ ጂን ልትስቅ ሞከረች፤ ማንም አልተከተላትም። ከዚያ አርሊስ ደወለ። የመቃብሩን ሣር የሚያጭደው እሱ ነው፤ በሸለቆው ማን የት እንደተኛ ያውቃል። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የባሰውም ይሄ ነው።

«ልጅት፣ ዘፈንሽ ውስጥ አባትሽን ወንዝ ዳር ነው ያሳረፍሽው። አያቶችሽ በሙሉ ኮረብታው ላይ ናቸው፤ እናትሽም እዚያው ናት። በጸደይ ጎርፍ እንዲወስድበት ሬሳ ወንዝ ዳር የሚቀብር ሰው በዚህ አገር ታውቂያለሽ? ሎስ አንጀለስ ቁጭ ብሎ የጻፈልሽ ሰው ይህን አያውቅም። አንቺ ግን ረሳሽው። እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው።»

ይህ ከስድቡ ሁሉ በላይ ነበር። የዚያ ተራራ ሰው ዘፈን ባይጥመው ይተዋል፤ መቃብር የሳተ ሰው ግን ከእንግዲህ የኛ ነኝ ሊል አይችልም።

«ምን ትያለሽ የኔ ማር?» አለች ዊልማ ጂን።

«ቦታውን አልሳትኩም።»

«ታዲያ እዚያ ያለው ማነው?»

ኤስቲል ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«እሱን መናገር አልችልም» አለች ቨርና ሊ። «የኔ አይደለም።»

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ የኔ ልጅ።»

«ይጠብቁ።»

ዊልማ ጂን ዝምታ አትችልም። «በሉ እንግዲህ እስክናስብ ዘፈኑን ትበልልን» አለችና ማይኩን ለጊታሩ አስጠጋች። ክሩ ተመታ። የኤስቲል እጅ እንደልማዷ ወደ ሬዲዮው ሄደች። መንገድ ላይ ያዛት።

አባቴ አርፏል ከነጩ ዛፍ ሥር፣
በናቴ ብርድ ልብስ፣ ከወንዛችን ዳር።

ኦፓል ከአሮጌ ቀሚሶቿ ቁራጭ እየቀጠለች የሰፋችው ብርድ ልብስ ነበር። በሞተችበት ቀን ኤስቲል ቤት አልነበረም። ከተራራው ወዲያ ማዶ ለሠርግ ቫዮሊን ሲጫወት አመሸ፤ አሟት ነበር፣ ቅር እያላት ‹ሂድ ግዴለም› ብላው ነበር። ሲመለስ አላገኛትም። ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ቫዮሊኑን በዚያ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወንዙ ዳር ካለው ግንዱ ነጭ ከሆነው ትልቅ ዛፍ ሥር ቀበረው። እጁ እስኪደማ ቆፍሮ፣ አፈሩን መልሶ፣ ቅጠል አልብሶ ተመለሰ። ሰው አላየኝም ብሎ ሃያ አራት ዓመት ኖረ። የወጥ ቤቱ መስኮት ግን በቀጥታ ወደ ዛፉ ነው የሚያየው፤ ቨርና ሊ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አይታ ነበር። ሰዎች ዴንዚልን ሌባ ሲሉት፣ አባቷ ጠረጴዛ ሲደበድብባት፣ ‹ሞቷል በያቸው› ሲላት፣ በሆዷ ይዛው ኖራለች። አሁንም አገር ሙሉ ውሸታም እያላት ይዛዋለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነጻ ትወጣ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ከሄደችም ወደዚህ ሸለቆ የምትመለስበት ምክንያት የላትም። ሊያድናት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አፉን ከከፈተ እስኪሞት ቀና ብሎ የማይሄድ ሰው ይሆናል።

ስልኩን አነሣና ደወለ። ተይዟል። ደገመ፤ ተይዟል። ወረዳው ሁሉ እየደወለ ነው። በሬዲዮው ዘፈኑ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ደርሷል። ቸኩሎ አንድ ቁጥር ሳተ፤ እንደገና ጀመረ። ዊልማ ጂን «እንግዲህ እንግዳችን ልትሄድ…» ስትል ስልኩ ጠራ።

«በአየር ላይ ነህ፣ ማን ልበል?»

ያሰበው ሁሉ ጠፋበት። «የልዋጭ ሰዓት ነው?» አለ።

«ገና ነው ማሬ። ግን ምን አለህ?»

«ዘጠኝ ሳህን አለኝ። ታጥበዋል። ስም አላቸው፤ ባለቤቶቹ ይውሰዱ።»

«ኤስቲል?» አለች ዊልማ ጂን።

«ሌላም አለኝ። ቫዮሊን ተሰረቅሁ ብዬ ነበር። አልተሰረቅሁም። እኔው ነኝ ነጩ ዛፍ ሥር የቀበርኩት፣ በኦፓል ብርድ ልብስ ጠቅልዬ። ዴንዚል ኔፒየር ሌባ አይደለም። ሆኖም አያውቅም። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።» ሳሉ ያዘውና እስኪለቀው ጠበቀ። «ቨርና ሊ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«በመስኮት አይተሽኝ ነበር?»

«አይቼህ ነበር።»

«ለሰው አልነገርሽም?»

«ለማን ልንገር? ያንተ ነው።» ቨርና ሊ ቀጠለች። «ሞቷል በያቸው ብለኸኝ ነበር። መዋሸት አልሆነልኝም። የሞተውን ነገርኳቸው፤ ቫዮሊን ተጫዋቹን አባቴን።»

ኤስቲል ስልኩን ሳይሰናበት ሰቀለው። ስለተናደደ አይደለም፤ ከዚያ በላይ መናገር ስላልቻለ ነው። ሬዲዮውን አጠፋና ወጣ። አካፋው ማክሰኞ እንደተደገፈ ግድግዳው ላይ ነበር።

ነጩ ዛፍ ሥር መቆፈር ጀመረ። አምስት አካፋ አፈር አነሣ፤ ሳንባው እምቢ አለ። ግንዱን ተደግፎ አረፈና ሦስት ጨመረ። ድልድዩ ሲንቋቋ ቀና አለ። ዴንዚል ነው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ኤስቲል ‹በአካፋ ቢመታኝም መብቱ ነው› ብሎ ጠበቀ።

«ስጠኝ» አለ ዴንዚል። አካፋውን ከእጁ ቀማው። «አንተን ልቀብር ያመጣሁት ነው። ሥራ አይፍታ።»

ገብቶ ቆፈረ። የዛፉ ሥር ስለገባበት እየበጣጠሰ ነበር። ቨርና ሊ መኪናዋን መንገድ ላይ ትታ ስትደርስ ዴንዚል ጉልበቱ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። አባትና ልጅ ተያዩ፤ ማንም ማንንም አላቀፈም። አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ ጉድጓዱን አብረው አዩ።

ቫዮሊን የሚባል ነገር አልነበረም። እንጨቱ አፈር ሆኗል፤ ከብርድ ልብሱም የቀረ የለም። ዴንዚል ጎንበስ ብሎ አራት ጥቋቁር ነገሮች ለቀመ፤ ክሩን የሚያጠብቁት የእንጨት ቁልፎች ናቸው፣ እነሱ አልበሰበሱም። በመዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየው።

«ሃያ አራት ዓመት ሌባ ያስባለኝ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ በዚህ። ሚስቴ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ያቅፉባት ነበር።»

«አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ዴንዚል ቁልፎቹን ለቨርና ሊ ሰጣት፣ አካፋውን በሣር ጠረገና ትከሻው ላይ አደረገ። ድልድዩ መሐል ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ።

«የሚስቴ ሳህን አንተ ዘንድ ነው» አለ።

«አጥቤዋለሁ። አመጣዋለሁ።»

«ባዶውን እንዳታመጣው።» ብሎ ሄደ።

ኤስቲል አፉን በእጁ ሸፈነ። ልጁ ፊት ላለማልቀስ ነበር፤ አልሆነለትም።

«ምን ማብሰል ትችላለህ?» አለችው ቨርና ሊ።

«ቦሎቄ። እሱንም አሳርረዋለሁ።»

«ተነሥ በል።»

ወጥ ቤት ገቡ። ባርኔጣዋን ሳህኖቹ ላይ ጣል አድርጋ ድስት ፈለገች፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ቦታውን አልቀየረም። ቦሎቄው ሲፈላ፣ እያማሰለች ሳታውቀው ማንጎራጎር ጀመረች። የኤስቲል እጅ ሳታማክረው ብድግ ብላ ወደ ሬዲዮው ሄደች። ሬዲዮው ጠፍቷል። እጁን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።